የምንጊዜም ምርጥ ጌሞቼ፣ ከአግዳሚው ሆኜ እንዳየኋቸው

ለጌም ደረጃ ስሰጥ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው። ጆይስቲክ ያልያዘው ሰው አብሮ ይጫወታል ወይስ አይጫወትም? ግራፊክሱም፣ ታሪኩም፣ ያገኘው ሽልማትም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ላይ ከማነባቸው ደረጃዎች ጋር ብዙ ጊዜ የማልስማማው ለዚህ ነው። አብዛኞቹን የሚያወጧቸው ክፍላቸውን ዘግተው ለብቻቸው የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። እኛ ጅማ ያደግነው እንደዚያ አልተጫወትንም።

ታላቅ ወንድሜ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያለውን የቤታችንን የመንገድ ዳር ክፍል ፕሌይስቴሽን ቤት አድርጎት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ወንበር። ሰው ሲበዛ ደግሞ ከሳሎን በርጩማ ይወጣል። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፣ ሌላው ጌም በሰዓት። ጆይስቲክ ከያዙት ይልቅ አግዳሚው ላይ ያሉት ይበዛሉ። ተራ የሚጠብቅ አለ። ገንዘብ የጨረሰ አለ። ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ አለ። ሁሉም ግን ያያል፣ ሁሉም ይመክራል፣ ሁሉም ይፈርዳል። እኔም ብር እየተቀበልኩና መልስ እየሰጠሁ ዓመታት አየሁ። እንግዲህ ይህ የተመልካች ደረጃ ነው። ጌም ማየት ራሱን የቻለ እውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ የኳስ ጌሙ ፔስ 6 ነው። በሌሎቹ ቦታዎች ልከራከር እችላለሁ፣ በዚህ ግን ንቅንቅ አልልም።

የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ ያወጣው በፈረንጆቹ 2006 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ ሌሎቹም ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው)። ከእንግሊዝ ክለቦች በእውነተኛ ስማቸውና ማሊያቸው የገቡት አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ብቻ ነበሩ። ቼልሲ ለንደን ኤፍሲ ተብሏል፣ ሊቨርፑል ደግሞ መርሲሳይድ ሬድ። የጅማ ልጅ ግን በዚህ አይሸወድም፤ ላምፓርድን ካየ ቡድኑን ያውቀዋል። ኢንተር ሚላን ላይ ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጥቶ ነበር። አንዱ ኢንተርን ከያዘ ሌላውም ኢንተርን ይይዛል፣ አለዚያ አይሆንም። ምክንያቱ አድሪያኖ ነው። ያ ሰውዬ በግራ እግሩ ከየትም ይመታል። በረኛው እጁን ሳያነሳ መረቡ ይወዛወዛል።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሁለቱ ልጆች ቡድን ከመረጡ በኋላ አሰላለፍ ውስጥ ገብተው ቀስቶቹን ያያሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አጠገብ ትንሽ ቀስት አለች። ቀይ ሆና ወደ ላይ ካመለከተች ሰውየው የዛሬ ቀኑ ነው። ወደ ታች ካዘቀዘቀች ግን ሄንሪም ቢሆን አይረባም። ይሄኔ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

«ሄንሪን አውጣው!»

«ተው አንተ፣ ሄንሪ ይወጣል እንዴ!»

ገና ኳሷ ሳትነካ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ሄንሪን ያስቀመጠው ልጅ ከተሸነፈ ለሳምንት ይነገርበታል። ይህቺ ትንሽ ቀስት የምትሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ሁሌ አንድ ቡድን የሚይዘው ልጅ እንኳ በየጨዋታው እንደ አዲስ ማሰብ አለበት። ተመልካቹም አብሮት ያስባል። ከዚያ በኋላ የመጡ ስንት የኳስ ጌሞች አይቻለሁ፤ ሰውን ገና ከጅምሩ እንዲህ የሚያስጨቃጭቅ አላገኘሁም።

አቻ ከሆኑ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። መቺውም በረኛውም አቅጣጫ የሚመርጡት በአውራ ጣት ነው። ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጣት ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ጆይስቲኩ ጃኬት ውስጥ ይገባል። ጃኬት ያልለበሰ ከጎረቤቱ ይዋሳል። የእናቴ ጋቢ ሳይቀር ለዚህ ተፈልጎ ያውቃል። ሁለት ጎረምሶች ጋቢ ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው፣ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይነበብ ሲታገሉ ማየት ከጎሉ በላይ ያስደስተኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ያሉትም ጣት ለማየት እንዳይጠጉ ይከለከላሉ። ከልካይዋ እኔ ነኝ። ቅጽል ስሜ «ዳኛ» ነበር። «ዳኛ፣ አንቺ ፍረጂ!» ሲሉኝ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ እነሳለሁ።

በጣም የሚያከራክረው የመብራት ነገር ነበር። ግልገል ጊቤ እዚሁ አጠገባችን እያለ መብራት በጨዋታ መሀል ይሄዳል። ማን ይክፈል? ወንድሜና እኔ ሕግ አወጣን። ከእረፍት በፊት ከሄደ አይከፈልም። ከእረፍት በኋላ ከሄደ እየመራ የነበረው አሸናፊ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል። አቻ ከነበሩ እኩል ያወጣሉ። ከሕጉ በኋላ ልጆቹ ገና ከእረፍት ሲመለሱ ማጥቃት ጀመሩ፣ መብራት ሳይሄድ ለመምራት። አጨዋወቱ ሁሉ ተለወጠ። አሁንም ድረስ ከጅማ ልጅ ጋር ስትጫወቱ ከእረፍት በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ተጠንቀቁ።

ፔስን ከሌላው የሚያስበልጥብኝ ሌላው ነገር ቡድንና ተጫዋች እንደፈለጉ የሚለውጡበት ኤዲት ሞዱ ነው። አንድ ክረምት ልጆቹ ማንም የማይመርጠውን አንድ ቡድን ወስደው የጅማ ቡድን አደረጉት። ስም፣ ማሊያ፣ ተጫዋች፣ ሁሉንም። ስሞቹ በላቲን ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ በጆይስቲክ እየተመረጡ ነው የሚጻፉት። አንድ ስም መጻፍ ራሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ለራሱ ፍጥነት 99 ሰጠ። ከዚያ ራሳቸው ተሰብስበው ተነጋገሩ። ከ80 በላይ ማንም እንዳይኖረው ወሰኑ፣ «እውነት እንዲመስል»። ያ ቡድን በአንድ ልጅ ሜሞሪ ካርድ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ተጫወቱበት። በ2010 ዓ.ም. የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆን መጀመሪያ የደወለልኝ የሜሞሪ ካርዱ ባለቤት ነበር። ከሰላምታ በፊት «እኛ ቀድመን ሠርተነዋል!» አለኝ።

ኮናሚ በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ብሎታል። ስልክ ላይ በነጻ ይገኛል፣ ቆንጆም ነው። ግን ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ለየብቻው ይጫወተዋል። ጋቢ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ ከተማ ውስጥ እንደልብ የሚዘዋወሩበት የወንበዴዎች ጌም። ሮክስታር በ2004 ሲያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስልኬ ላይ ያሉ ጥቂት ፎቶዎች ከዚያ ይበልጣሉ። እዚያች ውስጥ ሦስት ከተማ፣ በረሃ፣ ተራራና ገጠር ከተቱበት። ከሎስ ሳንቶስ በብስክሌት ተነስተህ ሳን ፊየሮ እስክትደርስ መንገድ ላይ ቆይ ጠብቅ የሚል ነገር አይመጣም። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ታሪኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም በሰዓት ነው የሚከፈለው። በሰዓት የሚከፍል ልጅ ሚሽን፣ ማለትም ታሪኩን የሚያስቀጥለውን ግዳጅ፣ አይሠራም። ደብተር ያወጣል። ደብተሩ ውስጥ ቺት፣ ማለትም የጌሙ ሚስጥር ኮድ፣ ተጽፏል፤ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ አር ቱ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። መሣሪያ ሁሉ ይመጣል። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ታንክ፣ ከዚያ ሰዓት አለቀ። አግዳሚው ይስቃል፣ ቀጣዩ ይገባል።

አንድ ልጅ ግን ነበር። ዝም ያለ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲወጣ የሚመጣ። የራሱ ሜሞሪ ካርድ አለው፣ 8 ሜጋባይት፣ ስሙ በፕላስተር ተለጥፎበታል። ሚሽን በሚሽን ነው የሚሄደው። ታሪኩን ያየሁት በእሱ ነው። ባለታሪኩ ሲጄ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው ለእናቱ ለቅሶ ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ ታክሲ እንደያዘ ፖሊሶች አስቆሙት፣ ብሩን ቀሙት፣ ወስደው የጠላቶቹ ሰፈር ጣሉት። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሐዘን ሳይቀመጥ መሸሽ ጀመረ። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ይህን ነግሬያት ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሲመጣ «ያ ሐዘንተኛው ደረሰ ወይ?» ትለኝ ነበር።

የባቡሩን ሚሽን የሠራ ያውቀዋል። ሞተር ሳይክል ትነዳለህ፣ የሲጄ ጓደኛ ቢግ ስሞክ ከኋላህ ሆኖ ባቡሩ ላይ ያሉትን ይተኩሳል። ልጁ ደጋግሞ ወደቀ። ባቡሩን ተጠግቶ ነው የሚነዳው፣ የሚቀርብ እየመሰለው። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ከነበሩት አንዱ ነው ያየው። «አትጠጋው! ወደ ቀኝ ራቅ በልለት፣ ስሞክ ዓላማ ያግኝ!» ራቀ። ስሞክ አንድ በአንድ ጣላቸው። ቤቱ ጮኸ፣ ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው ዞሩ። ጌሙን ሁለተኛ ያደረገው ያ ጩኸት ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ጌም ሙሉ ክፍል ሲያስነሳ አየሁ።

ሦስተኛ የድብድብ ጌሙ ቴከን 3። በ1998 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣ ነው፣ ፕሌይስቴሽን 2 ግን የድሮውን ሲዲ ስለሚያነብ እኛም ጋ ነበር። ሲዲው ሲደክም ወንድሜ ማሽኑን በጎኑ ያቆመዋል፣ አንዳንዴም ያነባል። ሁሉም ኤዲ ጎርዶን ይይዛል። ኤዲ ካፖይራ የሚባለውን የብራዚል ትግል ነው የሚጫወተው፣ እግሩ ስለማያርፍ ምንም የማያውቅ ልጅ ሁለት ቁልፍ እየጠቀጠቀ አዋቂውን ያሸንፍበታል። እኔ የያዝኩት ሊንግ ዢያዩን ነው። ትንሽ ልጅ ናት፣ ጉልበቷም ያን ያህል አይደለም። ግን ዝቅ ስትል መሬት ልትነካ ትደርሳለች፣ ምቱ በላይዋ ያልፋል። ጀርባዋን ሰጥታ ደግሞ ትመታለች። ኤዲን ይዞ የሚጠቀጥቅ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ መጠበቅን ያህል የሚጣፍጥ ነገር የለም። ያኔ ሴት ልጅ ቤታችን መጥታ አትጫወትም ነበር ማለት ይቻላል። እኔም የምጫወተው ጠዋት ቤቱ ሲከፈት፣ ሰው ሳይሞላ ነው። ጠዋት የመጣ ደግሞ ከእኔ ጋር ሳይጫወት አያልፍም።

አራተኛ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። በኮምፒውተር መንግሥት እየገነቡ የሚዋጉበት ጌም ነው፣ እኔም ለብቻዬ ነው የተጫወትኩት። መስፈርትሽን አፈረስሽ እንዳትሉኝ፣ ታሪኩን ስሙኝ።

ጌሙ የ1999 ነው። በ2015 የአፍሪካ መንግሥታትን የያዘ ተጨማሪ ክፍል ወጣለት፣ ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ቀስተኞቻቸው ከሌላው በ18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ሾተል የያዘ ልዩ ወታደር አላቸው፤ ቶሎ ይሠለጥናል፣ አጥብቆ ይመታል፣ ግን ቶሎ ይሞታል። የምትጫወቱበት ዘመቻ ደግሞ የዮዲት ነው። በትምህርት ቤት አክሱምን ያጠፋች ብለን የተማርናት ዮዲት እዚህ ባለታሪኳ ናት፤ ሠራዊቷን የምትመሩት እናንተ ናችሁ።

ይህን ስጫወት ፕሌይስቴሽን ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሥራ ይዣለሁ፣ ላፕቶፕ አለኝ። ሳሎን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ገበሬውን ስነካው በአማርኛ መለሰ። ወታደሩን ስነካው በአማርኛ መለሰ።

«ማነው የሚያወራው?» አለች።

«ጌሙ ነው፣ እማዬ።»

«የኛን ቋንቋ ማን አስተማረው?»

መጥብሻውን አውርዳ መጣች። ዮዲት መሆኗን ስነግራት ደነገጠች። «የጉዲትን ሠራዊት ነው የምትመሪው? አንቺ ልጅ!» አለች። ግን አልሄደችም። ቡናው እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ እስከ በረካ አጠገቤ ተቀምጣ እንጨት የሚቆርጡትን ሰዎች አየች። ስንት ሰው እንደሞተብኝ ትጠይቃለች። «አሁን ደግሞ ወዴት ልትልኪያቸው ነው?» ትላለች። ጆይስቲክ ሳትይዝ አብራኝ ዘመተች። ስለዚህ መስፈርቴን ያሟላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሲቪላይዜሽን 6 በሚባለው የመንግሥት ግንባታ ጌም ላይም በ2020 ምኒልክ ገብተዋል፣ የኦሮሞ ፈረሰኛም አላቸው። ደስ ይላል። እኔ ግን ከጅሬን ተራራ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ጌም ነው። አምስቱን የጊቤ መንግሥታት አስቡ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ሁሉም ጎረቤታሞች፣ ሁሉም በንግድ መንገድ የተያያዙ። ቡናው አለ፣ ማሩ አለ፣ ገበያው ሄርማታ ላይ አለ፣ ነጋዴው ከሩቅ ይመጣል። ማን ከማን ይጋባል፣ ማን መንገዱን ይይዛል፣ ማን ተዋግቶ ማን ገብሮ ይተርፋል? ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አድነዋል። ጌም ላይ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው፣ አግዳሚ ሙሉ ሰው የሚያከራክር። የሚሠራው ሰው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቢወጣ ምኞቴ ነው። ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ።

የቀሩትን በፍጥነት ልሂድባቸው። አምስተኛ ሁለት ሰው አብሮ የሚተኩስበት ኮንትራ። ቲቪ ጌም በሚባለው፣ ቢጫ ካሴት በሚጎርሰው ማሽን ነው የተጫወትነው፣ ወንድሜ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ይህን ከጫንክ 30 ነፍስ ይሰጥሃል። ፏፏቴው ላይ ሲደርሱ ቀድሞ የወጣው ስክሪኑን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ታች የቀረው ጓደኛው ይሞታል። መጠባበቅ የማያውቁ ወንድማማቾች እዚያ ላይ ይጣላሉ፣ እኛም ተጣልተናል። ስድስተኛ የመኪና ውድድሩ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ የ2005ቱ። መኪናህን መጀመሪያ ላይ ይቀሙሃል፣ ያቺን ቢኤምደብሊው ለማስመለስ 15 ሰው ማሸነፍ አለብህ። የፖሊስ ማሳደዱ ሲረዝም አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ወደ ጎን ያጋድላል። ሰባተኛ ጎድ ኦፍ ዋር 2። ሥራው ድንቅ ነው፣ ግን ደሙ ስለበዛ ትንንሽ ልጆች ሲኖሩ ወንድሜ አይከፍተውም ነበር፣ ልክም ነበር።

ስምንተኛ የኖኪያ ስኔክ። ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የፊንላንድ ፕሮግራመር ሠርቶት በ1997 ኖኪያ 6110 ላይ ወጣ። እኛ ያወቅነው በኋላ በመጣው 3310 ነው። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ይጠፋሉ፣ ደንበኛው ግን ዝናቡን ፈርቶ አይወጣም። ይሄኔ ስልክ ይወጣል። አንዱ ሲሞት ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ነጥቡን እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በዚህ ገንዘብ አንቀበልም፤ ደንበኛን ማቆያ ነው።

ፊፋን ለምን አላስገባሽም የሚል ይኖራል። ፊፋ ፈቃዱም፣ ስታዲየሙም፣ ድምፁም አለው። እንደ ፔስ ያለ የቀስት ጭቅጭቅ ግን አላየሁበትም። የተኩስ ጌሙን ፐብጂን ደግሞ የእህቴ ልጅ ከሁሉ በላይ ያደርገዋል። ከጎኑ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል፣ እኔ የማየው የእሱን ግማሽ ወሬ ነው። እሱ አራት ሆኖ ይጫወታል፣ አግዳሚው ላይ ግን ብቻዬን ነኝ።

ዘጠነኛና የመጨረሻው የኛው ኩኩሉ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው፣ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት የስልክ ጌም። ቀለሙ፣ መንደሩ፣ የዶሮዋ ነገር ሁሉ የኛ ነው። የበዓል ዋዜማ ላይ ለትንንሾቹ ከፍቼላቸው ዶሮዋ ስታመልጥ አጨበጨቡላት፣ ጓሮ የታሰረውን ዶሮም ሄደው አዩት። የሠሩት ልጆች ይህን ካነበቡ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ስልክ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ነገር ሥሩልን።